የራስን በስጦታ መቀበል፦ የአፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ጉዞ

ባለፈው ሐምሌ አክስቴን ልጠይቅ ሜጋ ወርጄ ነበር። ቦረና ሲባል ሙቀት ብቻ ለሚታየው ሰው የሜጋ ብርድ ያስገርመዋል። ከሞያሌ ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሐምሌ ንፋሷ ጋቢ ያስደርባል። ማታ ማታ ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ጨዋታው እስከ ሦስተኛው ስኒ ይዘልቃል።

አንድ ምሽት ስምንተኛ ክፍል የጨረሰው የአክስቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «የእንግሊዝ ንጉሥ ለንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ በስጦታ ሰጡ ብለን ጽፈናል። ዘውዱ ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስ ነው ይላል። ታዲያ የኛው ከሆነ እንዴት ነው ስጦታ የሚሆነው?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ቡናቸውን የሚጠጡት ጎረቤታችን፣ አንድ የቦረና ሽማግሌ፣ ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄማ የኔ ጊደር ታሪክ ነው» አሉ።

በቦረና «ደባሬ» የሚባል ልማድ አለ። ላም ያለው ሰው ለሌለው ወተት የምትሰጥ ላም በውሰት ይሰጣል። የተቀበለው ቤተሰብ ወተቱን ይጠጣል፤ ልጆቹን ያሳድግበታል። ላሟና የምትወልደው ግን የባለቤቷ ናቸው። ሽማግሌው ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ ሰው ላም በደባሬ ሰጥተው ነበር። ሰውየው አካባቢውን ለቆ ሄደ። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ዘመድ ወዳጁን አስከትሎ፣ ጊደር እየነዳ ደጃፋቸው ደረሰ። «አባባ፣ ስጦታ አምጥቼልዎታለሁ» አለ። እሳቸውም መረቁት፤ ጊደሯን ከበረታቸው አስገቡ፤ ወተት አቀረቡለት። ሰውየው ጠጥቶ ሲነሳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት።

«እናቲቱስ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ያን ምሽት እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ስለዚያ ዘውድ አሰብኩ። ልጁ የጠየቀው ጥያቄ ትልልቅ መንግሥታት አንድ መቶ ዓመት የተከራከሩበት ነው።

ከዘውዱ በፊት የነበሩ ስጦታዎች

የአፄ ቴዎድሮስና የእንግሊዝ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የስጦታ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ንጉሠ ነገሥቱ ፕላውደን የተባለውን የእንግሊዝ ቆንስል ይወዱት ነበር። እርሱ ሲሞት በምትኩ የተሾመው ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1862 ሲመጣ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላኩ ሁለት ሽጉጦች ይዞ መጣ። በላያቸው ላይ ለፕላውደን ስለተደረገው ደግነት የቀረበ ምስጋና ተቀርጾባቸው ነበር። ቴዎድሮስም በዚያው ዓመት ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነትና እርዳታ ነበር የጠየቁት። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው ቀረ። ንጉሡ ይህን እንደ ንቀት ቆጠሩት። ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። እንግሊዝም እስረኞቹን ለማስፈታት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ሠራዊት ላከች።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 በስቅለት ዕለት በመቅደላ ሥር፣ አሮጌ ላይ የተደረገው ውጊያ ለቴዎድሮስ ወታደሮች እጅግ ከባድ ነበር። ንጉሡ እስረኞቹን መልቀቅ ጀመሩ። በፋሲካ ዕለት ደግሞ ሌላ ስጦታ ላኩ፤ ለእንግሊዝ ጦር መፈሰኪያ የሚሆን አንድ ሺህ ያህል ከብትና 500 በግ። በአገራችን ባህል የላኩለትን ከብት የተቀበለ ሰው እርቁን ተቀበለ ማለት ነው። መጀመሪያ ስጦታው ተቀባይነት ያገኘ መስሎ ነበር። ናፒየር ግን ሳይቀበለው ቀረ። ከብቶቹ ከጠላት ሰፈር እንዳልገቡ ሲሰሙ ቴዎድሮስ ነገሩ እንዳበቃ ገባቸው። ከብት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ የቦረና ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

በማግስቱ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር ወደ አምባው ሲወጣ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ገደሉ። የተኮሱበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነበር።

አምባው ላይ የነበረው ሀብት

ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ትልቅ ቤተ መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ሀብት ሰብስበው ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ አብዛኛው የመጣው ከጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ንጉሡ ጎንደርን ሲያቃጥሉና አብያተ ክርስቲያናቷን ሲዘርፉ የተወሰደ ነው። ከእነዚህም መካከል እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1740ዎቹ አሠርተው ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታል ተብሎ የሚታመነው የወርቅ ዘውድና ከወርቅ የተሠራው ጽዋ ይገኙበታል። ዘውዱ በመጀመሪያም ስጦታ ነበር ማለት ነው፤ የአንዲት እናትና የልጇ ስጦታ ለቤተ ክርስቲያን።

አምባው ከተያዘ በኋላ የእንግሊዝ ወታደሮች ያገኙትን ሁሉ ዘረፉ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈለጉ። ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ ተካሄደ። የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ።

ከሠራዊቱ ጋር የመጣ ሪቻርድ ሆምስ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ነበር። ገና አምባው ሲያዝ አንድ ወታደር የወርቅ ዘውዱንና የወርቅ ጽዋውን ይዞ አገኘው። ሁለቱንም በ4 ፓውንድ ገዛቸው። በዚያ ዘመን እንኳን ይህ ገንዘብ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ዋጋ ሊባል አይችልም።

ከመቅደላ የወጣው ዘውድ ግን አንድ አልነበረም። የቴዎድሮስ መሆኑ የሚነገርለት፣ ከብር ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠ ሌላ ዘውድም ለንደን ደርሷል። ሁለቱም ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ተብሎ በሚጠራው ሙዚየም ተቀመጡ። የዘንድሮ ተማሪ በደብተሩ የጻፈው ታሪክ የሁለተኛው፣ ማለትም የብሩ ዘውድ ታሪክ ነው።

ዘረፋው በእንግሊዝ አገርም ሁሉን ደስ አላሰኘም። እ.ኤ.አ. በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን በፓርላማ ተነስተው እነዚህ ዕቃዎች ከኢትዮጵያ በመምጣታቸው እጅግ እንደሚያዝኑ፣ ለምን እንደመጡም ሊገባቸው እንዳልቻለ ተናገሩ። እስኪመለሱ ድረስ በጥንቃቄ ይቀመጡ ዘንድም አሳሰቡ። ይህ ከተባለ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት አልፏል።

ራስ ተፈሪ ለንደን ሲደርሱ

እ.ኤ.አ. በ1923 ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በተከታዩ ዓመት አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን፣ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን ጨምሮ መኳንንቱን አስከትለው አውሮፓን ጎበኙ። ኢየሩሳሌም፣ ካይሮ፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ሮም ሁሉ የጉዞው አካል ነበሩ። ሐምሌ ላይ ለንደን ገቡ። ከንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ጋር ተገናኙ፤ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ተቀበሉ።

በመሪዎች ጉብኝት ስጦታ መለዋወጥ የተለመደ ነው። የእንግሊዝ መንግሥትም ለኢትዮጵያ የሚመጥን ነገር ሲፈልግ መልሱ በገዛ ሙዚየሙ ውስጥ ተቀምጦ አገኘው። የመቅደላ ዘውድ! ኢትዮጵያውያንን የሚያስደስት፣ ለእንግሊዝም ወጪ የሌለው ስጦታ ነበር።

ከዚያ ግን ጥያቄ መጣ። ሁለት ዘውዶች አሉ፤ የትኛው ይሂድ? በመጨረሻ የብሩ እንዲሄድ፣ የወርቁ እንዲቀር ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1925 ዘውዱ ከንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የተበረከተ ስጦታ ተብሎ አዲስ አበባ ላይ ለንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ተሰጠ።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ላይ ያበደረ እንኳ የለም።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት ለሜጋም እንግዳ አልነበረም። ከኬንያ ድንበር የተነሳ እንግሊዞች ሜጋ ላይ ቆንስላ ነበራቸው። አርኖልድ ሆድሰን የተባለው ቆንስል በደቡብ ኢትዮጵያ ስላሳለፈው ሰባት ዓመት የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ዘውዱ ከተመለሰ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። አዲስ አበባ ላይ ዘውድ የሚሰጠው መንግሥት እዚህ ደቡብ ውስጥ የድንበርና የከብት ጉዳይ የሚከታተል ሹም ነበረው። የሜጋ ሰዎች «እንግሊዝ» ሲሉ የሚያወሩት ከመጽሐፍ ስላነበቡት ሳይሆን አያቶቻቸው በዓይናቸው ስላዩት ሰው ነው።

የምኒልክ ልጅ፣ የቴዎድሮስ ዘውድ

ዘውዱን የተቀበሉት እጆች የማን እንደነበሩ ማስታወስ ይገባል።

የዘውዲቱ አባት ዳግማዊ ምኒልክ ገና ልጅ ሳሉ ነበር በቴዎድሮስ ተማርከው መቅደላ የተወሰዱት። አሥር ዓመት ያህል እዚያው አደጉ። ቴዎድሮስ እንደ ልጃቸው ወደዷቸው፤ ሴት ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩላቸው። ምኒልክ ግን እ.ኤ.አ. በ1865 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ፤ ባለቤታቸውን እዚያው ትተው። እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ።

ከ57 ዓመት በኋላ የዚያ አምባ ዘውድ ከአምባው ባመለጠው ልጅ ሴት ልጅ እጅ ገባ። አፄ ዮሐንስ የልጃቸው የራስ አርአያ ሥላሴ ሚስት ስላደረጓቸው፣ ዘውዲቱ የሦስቱንም ነገሥታት ታሪክ በቤታቸው ያዩ ሴት ነበሩ። ለእንግሊዝ መንግሥት ያ ዘውድ የወዳጅነት ምልክት ነበር። ለዘውዲቱ ግን በልጅነታቸው ሲተረክ የሰሙት የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁስ? የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱ። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1879፣ በ18 ዓመቱ አረፈ፤ ዊንዘር በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። አጽሙ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ብትጠይቅም እ.ኤ.አ. በ2023 የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መልሷል። ዘውዱ ተመለሰ፤ ልጁ ግን እዚያው ነው።

ጥቂት በጥቂት

የመቅደላ ቅርሶች አመላለስ አንድ በአንድ ነው። ከሁሉም የቀደመው ክብረ ነገሥት ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ጠየቁ፤ መጽሐፉም ተመለሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ለአፄ ኃይለ ሥላሴ አበረከቱ፤ አሁንም በስጦታ መልክ። እ.ኤ.አ. በ2002 ከኤድንብራ አንድ ታቦት ተመለሰ። በ2019 ደግሞ ከንጉሡ ራስ ላይ የተቆረጠ ፀጉር ከለንደን ወደ አገሩ ገባ።

የወርቁ ዘውድ ግን ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ሙዚየሙ ቅርሶቹን በልዩ ዐውደ ርዕይ አሳየ። የሙዚየሙ ዳይሬክተር ትሪስትራም ሀንት ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናገሩ። የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሙዚየሙ ያለውን ንብረት አሳልፎ እንዳይሰጥ ስለሚያስረው ሌላ መንገድ ጠባብ ነው የሚል ነው ክርክሩ። ኢትዮጵያ ደግሞ የምትለው አጭር ነው። የራሴን አልዋስም።

ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደባሬ ባለቤቱ ለተቸገረ ነው የሚሰጠው» አሉ። «ላም የወሰደ ሰው ለባለ ላሟ ደባሬ ሲሰጥ እኔ አልሰማሁም።»

ሻንጣ ውስጥ የተገኘው ዘውድ

መመለስ የመንግሥታት ሥራ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ ዘውድ አለ።

ሲራክ አስፋው በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ የተሰደደ፣ ኑሮውን ሆላንድ፣ ሮተርዳም ያደረገ ሰው ነው። ቤቱ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ማረፊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ እንግዳ ትቶት በሄደ ሻንጣ ውስጥ ዘውድ አገኘ። ቅድስት ሥላሴና ደቀ መዛሙርት የተቀረጹበት፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በኋላ እንደታወቀው መቀሌ አጠገብ ካለው ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ ነበር።

ሲራክ ምን ያድርግ? ቢሸጠው ገንዘብ ነው። ለባለሥልጣን ቢያስረክብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ለመመለሱ ዋስትና አልነበረውም። ስለዚህ ደበቀው። አንድ ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት። በድምሩ 21 ዓመት! በአገር ቤት ለውጥ መጥቷል ብሎ ሲያምን የጠፉ ቅርሶችን በመከታተል የሚታወቀውን አርተር ብራንድን አማከረ። የሆላንድ መንግሥትም ተባበረ። የካቲት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ዘውዱ አዲስ አበባ ላይ፣ የሆላንድ ሚኒስትር ሲግሪድ ካግ በተገኙበት ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተሰጠ።

የሁለቱን ርክክብ ልዩነት ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. በ1925 የተነገረው ቃል «ሰጠን» የሚል ነበር። በ2020 ግን «መለስን» ተባለ። በ95 ዓመት ውስጥ የተቀየረው አንድ ግስ ነው ቢባልም ቀላል ለውጥ አይደለም። ስጦታ የሰጪውን ደግነት ያሳያል፤ ተቀባዩም ያመሰግናል። መመለስ ግን በመጀመሪያ የተወሰደ ነገር እንደነበረ ማመን ነው። ቀሪው የት አለ ብሎ ለመጠየቅም በር ይከፍታል።

እቤታችን ያለው ጥያቄ

ይህ ታሪክ የነገሥታት ብቻ አይመስለኝም። በየቤታችን የአያት ድሪ፣ የአባት ጋሻ፣ የእናት ጥልፍ ቀሚስ ያለው ስንት ነው? ለሠርግ ተብሎ ተውሶ የሄደ፣ ውርስ ሲከፈል አንዱ ወንድም ጋ የቀረ፣ በችግር ጊዜ በርካሽ የተሸጠ ስንት አለ? ሲመለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ፣ «ስጦታ ይዤ መጣሁ» ተብሎ ነው። እኛም ይሉኝታ ይዞን እናመሰግናለን፤ ቀሪውን ሳንጠይቅ።

ሽማግሌውን ያደነቅኳቸው በዚህ ነው። የመጣችውን ጊደር አልመለሱም። የመጣውን ሰው አላዋረዱም። መረቁት፤ ወተት አጠጡት። ይሉኝታም አልያዛቸውም፤ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ዘውዱን በክብር ተቀበሉ። ጥያቄው ግን ለልጅ ልጆች ተላለፈ።

«ታዲያ ላሟ ተመለሰች?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በሁለተኛው ዓመት መጣች» አሉ ሽማግሌው። «አርጅታለች። ግን መጣች።»

የአክስቴ ልጅ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። «ሰጡ» የሚለውን ቃል ሰረዘና ከላዩ «መለሱ» ብሎ ጻፈ። ትንሽ አሰበና ቀና አለ።

«መምህሩ ስህተት ነው ቢለኝስ?»

አክስቴ ሦስተኛውን ቡና እየቀዳች ነበር። «ጠይቀው» አለችው። «የወርቁስ የት አለ ብለህ ጠይቀው።»